ከዱባይ ጓንዡ ስንት ሰዓት ነው? ደሴ ተቀምጦ የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስላት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እስያ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። የአንዱ ልጅ ሪያድ ነው፣ የአንዷ እህት ዱባይ ናት፣ ጎረቤት ዕቃ ሊጭን ጓንዡ ሄዷል፣ ሌላው ታማሚ ይዞ ዴልሂ ገብቷል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ፣ ጓንዡ 10 ሰዓት ምናምን። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እዚያው እስያ ውስጥ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲኬድ። ከዱባይ ጓንዡ፣ ከጓንዡ ባንኮክ፣ ከዴልሂ ቤንጋሉሩ፣ ከሪያድ ጅዳ።

ብዙ ሰው ትኬቱን ያወጣና የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ይቀንሳል፣ አለቀ። ያ ስሌት ስህተት ነው። አንዳንዴ በ1 ሰዓት ይስታል፣ አንዳንዴ በ4 እና በ5። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፤ መድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ ሰዓት። ሁለቱ የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው፤ ወደ አንድ ሰዓት ሳይመጡ መቀናነስ የለባቸውም። እኔ የምመክረው ሁለቱንም ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ማምጣት ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች በደንብ እናየዋለን፣ መጀመሪያ ግን ርቀቱ።

ርቀቱን እንዴት እናውቃለን

ርቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ የመኪናው አለ፣ የአየሩ አለ። ለደሴ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሀረጎን እየተጠማዘዙ መውረድ አለ። በቀጥታ በአየር ቢለካ ግን 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ግማሹን የሚበላው ጥምዝምዙ ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻም እንደዚያው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ በአየር ሲለካ 255 አካባቢ ነው።

ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የሁለት ከተሞችን ርቀት ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ቁጥር የመኪና ሊሆን እንደሚችል አስታውሱ። ሪያድና ጅዳ በመኪና 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፣ በአየር ግን 850። የበረራ ሰዓት የምታሰሉት በሁለተኛው ነው።

በስልክ መለካት ቀላል ነው። ጉግል ማፕስን ክፈቱ፣ መነሻው ኤርፖርት ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀይ ምልክት ይወጣል። ከታች ከሚመጡት ምርጫዎች ውስጥ «ሜዠር ዲስታንስ» የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ ካርታውን እየጎተታችሁ መድረሻው ላይ አድርሱት። ቁጥሩ ከታች በኪሎ ሜትር ይታያል። በኮምፒውተር ከሆነ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ያንኑ ምርጫ ታገኛላችሁ። የምትለኩት ከኤርፖርት ኤርፖርት ይሁን፣ ከመሃል ከተማ አይደለም። ልዩነቱ ለረዥም በረራ ምንም ማለት አይደለም፣ ለአጭሩ ግን ይሰማል።

በዚህ መንገድ ከዱባይ ጓንዡ ብትለኩ 5,830 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣላችኋል። ከዱባይ ባንኮክ 4,900 ገደማ፣ ከባንኮክ ጓንዡ ደግሞ 1,700 ገደማ።

ኔትወርክ ከሌለ ወይም በእጅ ማስላት ለሚወድ ሰው አንድ ዘዴ አለ፣ የሚሠራው ግን ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ ሰሜንና ደቡብ ሲሆኑ ብቻ ነው። በኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በሚለካው፣ 1 ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዴልሂ ኤርፖርት 28.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፣ ቤንጋሉሩ 13.2 ላይ። ልዩነታቸው 15.4 ነው፤ በ111 ሲባዛ 1,709። እውነተኛው ርቀትም 1,700 ገደማ ነው። በጣም ይቀራረባል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በአንድ ኬንትሮስ፣ ማለትም ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርድ አንድ መስመር፣ ላይ ናቸው። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ላሉ ከተሞች ግን ይህ አይሠራም፣ ስልኩን ተጠቀሙ።

ሌላው ልብ ልትሉት የሚገባው ነገር፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካርታ ዝርግ ነው፣ ምድር ግን ክብ ናት። ከዱባይ ቶኪዮ ዝርጉ ካርታ ላይ በማስመሪያ መስመር ብታሰምሩ አጭሩ መንገድ እሱ ይመስላችኋል። አይደለም። አጭሩ መንገድ መሃል ላይ ሲደርስ ከዚያ መስመር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይወጣል። አውሮፕላን ውስጥ ከፊታችሁ ባለው ስክሪን ላይ መንገዱ ጎብጦ ስታዩት «ምን ሆኖ ነው የሚዞረው?» አትበሉ፣ እየዞረ አይደለም፤ የሚያሳጥረው እሱ ነው።

የዱባይ ጓንዡም መንገድ የራሱ ጉዳይ አለው። በካርታ አጭሩ መስመር መሃሉ ላይ ደቡብ ኔፓልን ይነካል፣ ከዚያ በስተሰሜን ሂማላያና የቲቤት አምባ አሉ። አየር መንገዶች ከዚያ አምባ በላይ መብረር አይወዱም። ምክንያቱ ተራራው አውሮፕላኑን ስለሚነካው አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚበረው። ችግሩ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ድንገት ቢቀንስ ሰው ያለ ጭንብል መተንፈስ ወደሚችልበት፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቶሎ መውረድ ስላለበት ነው። ቲቤት ውስጥ መሬቱ ራሱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የት ይወርዳል? ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ በህንድና በምያንማር ሰማይ ያልፋል። ስልካችሁ ከነገራችሁ ቁጥር ትንሽ ጨምሮ ይበራል ማለት ነው።

ርቀቱን ወደ ሰዓት መቀየር

ትልቅ ጄት መንገዱን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እናንተ 850ን ያዙ። ርቀቱን ለ850 አካፍሉ፣ ከዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ግማሽ ሰዓቱ ከቆመበት ተነስቶ እስከ መንደርደሪያው ለሚሄድበት፣ ለመውጫውና ለመውረጃው ነው፤ በእነዚያ ጊዜያት አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነት አይሄድም።

ዱባይ ጓንዡ፦ 5,830 ለ850 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ። ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 7 ሰዓት ከ20። ዱባይ ባንኮክ በዚሁ ስሌት 6 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይመጣል።

ለአጭር በረራ፣ ማለትም ከ2,000 ኪሎ ሜትር በታች ለሆነ፣ ግማሽ ሰዓቱን 45 ደቂቃ አድርጉት። አጭር በረራ ላይ ገና ወጣ ሲል መውረድ ይጀምራል፣ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሪያድ ጅዳ 850 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት ሲደመር 45 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ከ45። ዴልሂ ቤንጋሉሩና ባንኮክ ጓንዡ 2 ሰዓት ከ45 ገደማ። ትኬት ላይ ከምታዩት ጋር ብታስተያዩት ብዙም አይራራቅም።

ይህን ስሌት ማወቁ ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ትኬት ስትገዙ ይጠቅማል። አንድ ሰው «ከዱባይ ጓንዡ ርካሽ ትኬት አገኘሁልህ» ሲላችሁና ጉዞው 15 ሰዓት ሲሆን፣ ቀጥታ በረራ እንዳልሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። መሃል ላይ አንድ ከተማ 6 እና 7 ሰዓት መቀመጥ አለ ማለት ነው። ምናልባት ዋጋው ያንን ያህል ያዋጣ ይሆናል፣ ምናልባት አያዋጣም፤ ዋናው ሳትከፍሉ በፊት ማወቁ ነው።

ለምን መሄጃውና መመለሻው አይገጥምም

ከዱባይ ጓንዡ ሲኬድ 7 ሰዓት ከትንሽ፣ ከጓንዡ ዱባይ ሲመለስ ግን ከ8 ሰዓት ተኩል ያላነሰ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑ ያው፣ ርቀቱ ያው። ልዩነቱን የሚያመጣው ነፋስ ነው።

በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ጎርፍ አለ፣ ጄት ስትሪም ይሉታል። አንዳንድ ቀን ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ወደ ምዕራብ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። እስያ ላይ በተለይ የሚበረታው ክረምታቸው ሲሆን ነው፣ ማለትም በእኛ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። በእነሱ በጋ ይዳከማል፣ ልዩነቱም ይጠባል።

«ምድር ስለምትዞር ነው» የሚል ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ነው የሚዞረው፤ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ቆሞ ከተማው ከሥሩ አይመጣለትም። እንደዚያማ ቢሆን ኖሮ ወደ ምዕራብ መሄድ በፈጠነ ነበር፣ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ስለዚህ ባሰላችሁት ላይ ይህን አድርጉ፦ ረዥም በረራ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ትንሽ ቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ1 ሰዓት ያላነሰ ጨምሩ። ሰሜንና ደቡብ ከሆነ፣ እንደ ዴልሂ ቤንጋሉሩ፣ እንዳለ ተዉት።

ከነፋስ ሌላ መንገድ የሚያስረዝም ነገር ቢኖር የሰማይ መዘጋት ነው። አገሮች ሲጣሉ መጀመሪያ ሰማያቸውን ይዘጋሉ። በእነሱ አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ሄዷል። በ2025 ሚያዝያ ላይ ደግሞ ፓኪስታን ሰማይዋን ለህንድ አየር መንገዶች ስትዘጋ፣ ከዴልሂ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ የህንድ አውሮፕላኖች በደቡብ ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው። መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ውጥረት ሲኖር ዜናውን ሰምታችሁ ብቻ አትለፉት፤ ትኬት የያዘ ሰው ካላችሁ ሰዓቱ ተቀይሮ እንደሆነ አረጋግጡ።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ከተማ ከኢትዮጵያ በስንት ሰዓት እንደሚቀድም ያዙ።

ጅዳ፣ ሪያድ፣ መዲና፣ ኩዌት፣ ዶሃ፣ ባህሬንና ኢስታንቡል ከእኛ ጋር እኩል ናቸው። ምንም መቀነስና መጨመር የለም። ዱባይ፣ አቡ ዳቢና ሙስካት በ1 ሰዓት ይቀድሙናል። ካራቺ በ2። የህንድ ከተሞች በሙሉ፣ ዴልሂም ሙምባይም ቤንጋሉሩም፣ በ2 ሰዓት ተኩል፤ ግማሽ ሰዓቷን አትርሷት። ባንኮክ፣ ሆቺሚንና ጃካርታ በ4። ጓንዡ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ሲንጋፖር፣ ኳላላምፑርና ማኒላ በ5። ሴኡልና ቶኪዮ በ6። ቻይና ያን ያህል ሰፊ ብትሆንም በመላ አገሪቱ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ከጓንዡ ኡሩምቺ ድረስ ሰዓት መቀየር የለም። እነዚህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ አይለወጡም። የሚለወጠው ቤይሩት ነው፦ በክረምታቸው ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በበጋቸው እኩል ይሆናል።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። ትኬቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ ዲኤክስቢ 10:50፣ ሲኤኤን 22:00። ዲኤክስቢ ዱባይ ነው፣ ሲኤኤን ጓንዡ። (የኛው የኮምቦልቻ ኤርፖርት መለያው ዲኤስኢ ነው፣ ከደሴ ስም የመጣ።) ዝም ብላችሁ ብትቀንሱ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወጣል፣ ይህ ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ከመብረር የበለጠ ነው፣ ሊሆን አይችልም።

ወደ ኢትዮጵያ እናምጣው። ዱባይ በ1 ስለምትቀድም 10:50 ሲቀነስ 1፣ 9:50። ጓንዡ በ5 ስለምትቀድም 22:00 ሲቀነስ 5፣ 17:00። ከ9:50 እስከ 17:00 ስንት ነው? 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። በርቀት ካሰላነው 7 ሰዓት ከ20 ጋር ገጠመ። ሁለቱ ስሌቶች ሲቀራረቡ ልክ ናችሁ ማለት ነው፤ በ1 ሰዓትና በ2 ከተራራቁ አንዱ ጋ ስህተት አለ፣ እንደገና እዩት።

አልጨረስንም። 9:50 እና 17:00 የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቤት ያለች እናት «22 ሰዓት ይደርሳል» ሲሏት ምን ታድርገው? ከፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ደግማችሁ ቀንሱ፤ ከ6 በታች ከሆነ ግን 6 ጨምሩ። 9:50 የኛ ጠዋት 3:50 ነው። 17:00 ከቀኑ 11 ሰዓት። እንግዲህ ለእናቱ የምትነግሯት «ጠዋት ለ4 ሰዓት 10 ጉዳይ ሲል ይነሳል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ያርፋል» ብላችሁ ነው። ይህ ይገባታል፤ ቡናዋን አፍልታ፣ ዱዓዋን አድርጋ ትጠብቃለች።

ቶኪዮ ሰው ላለው ደግሞ ስሌቱ እንኳ አያስፈልግም። ቶኪዮ ከእኛ በ6 ትቀድማለች፣ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 12 ይሆናሉ። ስለዚህ ደሴ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል ቶኪዮ ከሰዓት በኋላ በነሱ 3 ሰዓት ነው። የግድግዳ ሰዓቱ ያው ነው፣ የሚለየው ቀንና ሌሊቱ ብቻ።

ቀኑ፣ በተለይ የሌሊት በረራ

በሰዓት መሳሳት ሊያስሮጥ ይችላል፣ በቀን መሳሳት ግን አውሮፕላኑን ያስመልጣል። እባካችሁ ይህችን ክፍል አትዝለሏት።

መመለሻው እንዲህ ይላል እንበል፦ ሲኤኤን፣ 12 ማርች፣ 00:15፤ ዲኤክስቢ 04:50። በፈረንጅ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ግን ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው፣ ሌሊቱ የትናንቱ ቀን ነው። ስለዚህ «12 ማርች ከሌሊቱ 6:15» ሲባል የኛ ሰው የሚያስበው 12 ውሎ አምሽቶ ሌሊቱን ነው። ትኬቱ ግን የሚለው ማርች 11 አምሽቶ ያለውን ሌሊት ነው! በ12 ማታ ሻንጣ ይዞ ኤርፖርት የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰዓቱ ከ00:00 እስከ 05:59 ከሆነ ለራሳችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ማርች 11 ማታ ወደ ኤርፖርት መውጣት»። የበረራውን ቀን ሳይሆን ከቤት የምትወጡበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ የሳምንቱን ቀን ጨምሩበት፣ «ረቡዕ ማታ» ወይም «ሐሙስ ማታ» ሲባል ስህተት ይቀንሳል፤ ረቡዕ እኛም ጋ እነሱም ጋ ረቡዕ ነውና።

ይህንኑ በረራ በኢትዮጵያ ሰዓት እናስላው። ጓንዡ 00:15 ሲቀነስ 5፣ ባለፈው ቀን 19:15፣ የኛ ከምሽቱ 1:15። ዱባይ 04:50 ሲቀነስ 1፣ 03:50፣ የኛ ከሌሊቱ 9:50። ልዩነቱ 8 ሰዓት ከ35። ነፋሱን እዩት፤ ከመሄጃው በ1 ሰዓት ከ25 ይበልጣል።

አንዳንድ ትኬት ላይ ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ትንሽ ተጽፋ «+1» የምትል አለች። «በማግስቱ ይደርሳል» ማለት ነው፣ የትርፍ ሻንጣ ወይም የሌላ ነገር ምልክት አይደለችም።

የወሩ ጉዳይ ደግሞ አለ። ትኬት ላይ ያለው ወር የነሱ ነው። 7 ጃንዋሪ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ታኅሣሥ 29 ነው፣ ገና። ጳጉሜንም ስላለች በጭንቅላት ከማስላት በስልክ የቀን መቀየሪያ አፕ አውርዳችሁ አረጋግጡ፣ በተለይ መስከረምን ለሚሻገር ትኬት።

ከበር እስከ በር

የበረራ ሰዓት የጉዞ ሰዓት አይደለም። ትኬት ላይ ያለው መነሻ አውሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው፤ በሩ ከዚያ በፊት ይዘጋል፣ የሻንጣ መስጫው ደግሞ ከዚያም በፊት። ለውጭ አገር በረራ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስን የመሰለ ነገር የለም። ከወረዱ በኋላ ደግሞ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ታክሲ አለ። ለዚህ ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ይህን ስትደምሩ አንዳንድ ጊዜ አውሮፕላን እንደማያዋጣ ታያላችሁ። ለዑምራ ወይም ለሐጅ የሄደ ዘመድ ከጅዳ መዲና ሊሻገር ነው እንበል። በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረራው 1 ሰዓት አካባቢ። ኤርፖርት ቀድሞ መድረሱንና ሻንጣውን ስትጨምሩበት ግን ግማሽ ቀን ሄደ። ከ2018 ጀምሮ በእነሱ አቆጣጠር መካን፣ ጅዳንና መዲናን የሚያገናኘው የሐረመይን ፈጣን ባቡር አለ፤ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ከመካ መዲና ያለውን 450 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከምናምን ይጨርሰዋል። ለአዛውንት ደግሞ ባቡሩ ይቀላል፣ ደረጃና ሰልፉ ይቀንሳል። እኔ ብሆን እናቴን በባቡር ነበር የማሳፍራት።

ትራንዚት ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዱባይ ደርሶ ወደ ጓንዡ የሚቀጥል ሰው ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ከገዛ ሻንጣው በቀጥታ ጓንዡ ሊላክለት ይችላል፣ አንዱ ቢዘገይም አየር መንገዱ ሌላ ያገኝለታል። ለየብቻ ከገዛ ግን ሻንጣውን አውጥቶ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርበት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ወደ አገሩ መግቢያ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። አንደኛው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ተጠያቂው ራሱ ነው። ለየብቻ መግዛት የግድ ከሆነ በመሃል ቢያንስ ከ6 ሰዓት በላይ ተዉ፤ ይህን ክፍተት ስታሰሉ ሁለቱም ሰዓት የአንድ ከተማ ስለሆነ በቀጥታ መቀነስ ትችላላችሁ።

ከዚህ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስሉ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በረራው 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ኤርፖርት መውረጃ አለ፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሀረጎን ሲሸፍነው መኪናው እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። በመኪና አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ሙሉ ቀን ያዙለት። የዓለም አቀፉ በረራ ማታም ቢሆን በዚያው ቀን ጠዋት ከደሴ መነሳት አልመክርም። አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ማደር ነው።

ቤት ለሚጠብቀው

መንገደኛው ከመሄዱ በፊት የበረራ ቁጥሩን ተቀበሉት። ከአየር መንገዱ ሁለት ፊደል ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ናቸው። ፍላይትሬዳር 24 የሚባለውን አፕ በነፃ አውርዳችሁ ቁጥሩን ብታስገቡ አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ ካርታ ላይ ይታያል። የሚያሳየው ሰዓት የየትኛው ከተማ እንደሆነ ግን እዩት፣ እዚህም ያው ስህተት ይመጣል። ባሕር ወይም በረሃ ላይ ሲደርስ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። አትደንግጡ፣ እዚያ አካባቢ ምልክቱን የሚቀበል መሬት ላይ ያለ መሣሪያ ስለሌለ ነው፤ ወደ መሬት ሲቃረብ ተመልሶ ይመጣል።

ጓንዡ ካረፈ በኋላ ደግሞ ዝም ሊል ይችላል። ቻይና ውስጥ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ጉግል ዝግ ናቸው። ጉግል ማፕስም እንደልብ አይሠራም፣ ስለዚህ ርቀቱን እዚሁ ለክታችሁ ጨርሱ። ዊቻትን ከመሄዱ በፊት መንገደኛውም እናንተም ስልካችሁ ላይ ጫኑት፣ ደሴ እያላችሁ አንድ ሁለቴ ደዋውላችሁ ሞክሩት። አዲስ አካውንት ሲከፈት ሌላ ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቅ ይችላል፣ እዚያ ሄዶ ከመንከራተት እዚህ ቢጨርሰው ይሻላል። ዱባይ ላይ ዋትስአፕ መልእክት ይሠራል፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን አይሠራም፤ ስለዚህ «ደውል» ከማለት «ጻፍልን» በሉት።

የምትጽፉለት ወረቀት ይህን ብቻ ይያዝ፦ የበረራ ቁጥሩ፣ ከቤት የሚወጣበት የሳምንት ቀንና ሰዓት በሚነሳበት ከተማ፣ የሚያርፍበት ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር። አንዱን ቅጂ እሱ ኪስ ውስጥ ይክተተው፣ ሌላውን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ካረፈ በኋላ እስኪደውል ቢያንስ 2 ሰዓት ስጡት፤ ገና ፓስፖርት ሰልፍ ላይ ሊሆን ይችላል።